የፈረሱ ስም ማን ነው?

ጥር በመጣ ቁጥር እንጅባራ ውስጥ ፈረስ ይበዛል፤ በሜዳውም በሸራውም። የሜዳውን ፈረስ አንነካውም፤ ባለቤቶቹ ያውቁበታል። የዛሬው ሂሳችን የሚያርፈው በሸራው ፈረስ ላይ ነው። ሂሱም ከራሳችን ይጀምራል፤ ስለ አያቱ ፈረስና ስለ ዘንገና ሐይቅ ግጥም ያልሞከረ ከመካከላችን ቢገኝ ጥቂት ነውና።

ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ከጀርባው ክብ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ማዶ ጥቅጥቅ ያለ ደን። ከሥሩ «ማንነቴ» ተብሎ ተጽፏል። የማን ማንነት? ጋላቢው ፊት የለውም፣ ፈረሱም ስም የለውም። ቤተሰቡ ውስጥ ፈረስ ኖሮ የማያውቅ ሰው ይህንኑ ሥዕል ከፖስተር ገልብጦ ሊሠራው ይችላል፤ ይሠራዋልም። ቅርጹ ተሟልቶ ይዘቱ ባዶ ሆነ ማለት ይኸው ነው።

የሚያስቆጨው ጉዳዩ ሀብታም መሆኑ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ጥር 23 ቀንን፣ የጊዮርጊስን ዕለት፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱት አባቶችና ፈረሶቻቸው መታሰቢያ አድርጎ ይዞታል። «ሰባት ቤት» ሲባል ቤቱ ግድግዳና ጣራ አይደለም፤ ዘር ነው። የፈረስ ስምን ደግሞ ልብ በሉ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ተባሉ። ሰውዬው በፈረሱ ሲጠራ «አባ» ነው የሚባለው፤ እንደኛ አሰማም ይህ አባትነት ነው። ቤተሰብና ተፈጥሮ በአንዲት አጭር ቃል ተዛመዱ። እኛ በአንድ ሙሉ ሸራ ያልቻልነውን!

የአባትን ቤት ወደ ሥዕል ማምጣት እንዴት እንደሆነ ለማየት ከአዊ ትንሽ ራቅ እንበል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ልጅ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጁ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ የአባቱን ሥዕል አልደገመም። በ1963 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ጎልጎታ»ን ያየ ሰው ትልልቅ ዓይን ያላቸውን መላእክት ቢፈልግ አያገኝም፤ ስቅለቱ ግን አለ፣ በቀይ ቀለም ጮኾ። በዘመኑ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የኢትዮጵያ አይደለም» ያሉት ብዙዎች ነበሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት አሜሪካ ሞተ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። በእኛ ግምት ከአባቱ የወረሰው መልኩን ሳይሆን ቀለምን እንደ ጸሎት አክብሮ መያዝን ነው። የኛዎቹ ሥዕሎች የወረሱት መልኩን ብቻ ነው።

ወደ ደኑ እንመለስ። ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሄደ ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ዲከረንስ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር። በተለይ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ይተክለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፣ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል፣ መልሶ ይተክላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የዝገት በሽታ ገብቶበት ስንቱን ቤት አሳስቧል። ከመካከላችን በዚህ ከሰል ደብተር የተገዛለት ስንቱ ነው? እንጅባራን ኮሶ በር የሚሏት ሰዎች አሁንም አሉ፤ ስሙ ውስጥ ያለውን ዛፍ ግን ሥዕሎቻችን ውስጥ አላየነውም። ኮሶም ዲከረንስም ያልሆነ፣ ስም የሌለው አረንጓዴ ደን እንቀባለን። በከሰል እንስላለን፣ ከሰሉን ግን አንስልም። ወላጆቻችን የሚኖሩበትን መሬት ትተን የካሌንደር መሬት ስንስል የምናሳፍረው እነሱን ነው።

አንድ ጓደኛችን በደብተር ወረቀት ላይ የሠራውን ትንሽ ሥዕል ዶርም ውስጥ አይተናል። ፈረስ የለበትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮርቻ፣ በላዩ ነጠላ ጣል የተደረገበት፣ ከሥሩ የከሰል ማዳበሪያ ተደግፏል። እርካቡ ተንጋዷል፣ የጥላው አጣጣልም ትክክል አይደለም፤ ይህን ለራሱም ነግረነዋል። ሆኖም ከነፖስተሩ ፈረሶች ሁሉ ይልቅ እሱ ፊት ቆየን።

የፈረሱን ስም ከሥሩ ለመጻፍ ፈልጎ ወደ አያቱ ደወለ። ሽማግሌው መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው «ምን ያደርግልሃል?» አሉት። ሲነግራቸው የፈረሱን ስም ጠሩ፤ የእናቱን ስም ጨመሩ፤ የእናቱንም እናት ስም ጨመሩ። ወረቀቱ ላይ ቦታ ስላልበቃው ሦስቱንም በጀርባው ጻፋቸው።