«ማር አዴንትሮ»፦ የራስ ሞት፣ የሰው እጅ

«አሟሟቴን አሳምርልኝ» የሚለው የአማርኛ ጸሎትና ከግሪክ የመጣው «ዩተኔዥያ» የሚለው ቃል መነሻቸው አንድ ምኞት ነው። የግሪኩ ቃል ሲፈታ «መልካም ሞት» ማለት ነውና። ልዩነቱ አሟሟትን የሚያሳምረው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በጸሎቱ ውስጥ አሳማሪው ፈጣሪ ነው፤ በዘመናችን ሙግት ውስጥ ግን ሰው ራሱ ነው፤ ራሱ ሲያቅተው ደግሞ ሌላ ሰው። የስፔኑ ዳይሬክተር አሌሃንድሮ አሜናባር በ2004 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሠራው «ማር አዴንትሮ» የተሰኘው ፊልም የቆመው በዚህ በመጨረሻው «ሌላ ሰው» ላይ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ታላቅ ሽልማት፣ በፌብሩዋሪ 2005 ደግሞ የውጭ ቋንቋ ፊልሞችን ኦስካር አግኝቷል። ዛሬም ተመልሶ ሊታይ የሚገባው ግን በሽልማቱ ብዛት ሳይሆን፣ የጀመረው ክርክር ገና ስላልተቋጨ ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ራሞን ሳምፔድሮ በጋሊሲያ የባሕር ጠረፍ የተወለደ መርከበኛ ነበር። በኦገስት 1968፣ በ25 ዓመቱ፣ ከቋጥኝ ላይ ወደ ባሕር ዘለለ፤ ውኃው ሸሽቶ ስለነበር ጭንቅላቱ ከአሸዋው ጋር ተጋጭቶ አንገቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለ29 ዓመታት ከአንገቱ በታች ሳይንቀሳቀስ በአልጋ ላይ ኖረ። በአፉ ብዕር ይዞ ጻፈ፤ ጽሑፎቹም በ1996 «ከሲኦል የተላኩ ደብዳቤዎች» በሚል ርእስ ታተሙ። ከ1993 ጀምሮ ሲሞት የሚረዳው ሰው እንዳይቀጣ የስፔንን ፍርድ ቤቶች ጠየቀ። ሙግቱ ቀላልና ከባድ ነበር፦ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረን ሰው ሕጉ አይቀጣም፤ የሚቀጣው የሚረዳውን ነው፤ እንግዲህ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ለሌላው የተተወለትን ነፃነት በምን ይጠቀም? ፍርድ ቤቶቹ አልተቀበሉትም። በጃንዋሪ 1998 በ55 ዓመቱ፣ ራሱ በፈለገው መንገድ፣ በሰዎች ስውር እርዳታ ሞተ።

የፊልሙ ርእስ ለተርጓሚ ፈተና ነው። «ማር አዴንትሮ» በስፔን መርከበኛ አፍ ከዳርቻ ርቆ ወደ ባሕሩ መሐል መሄድ ነው፤ «አዴንትሮ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲወሰድ ግን «ወደ ውስጥ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው ሁለተኛውን መርጦ ባሕሩን በሰውዬው ልብ ውስጥ አስቀመጠው። አሜናባር ግን ሁለቱንም ይዟል። ራሞን ከአልጋው ተነሥቶ በመስኮት ሲወጣ፣ ኮረብታውን አቋርጦ እየበረረ ባሕሩ ጋ ሲደርስ የምናይበት ትዕይንት መሄድንም ወደ ውስጥ ማየትንም በአንድ ላይ ይናገራል። ሐቪየር ባርዴም አካሉን ሙሉ በሙሉ አሳርፎ በዐይኑ፣ በአንገቱና በፈገግታው ብቻ ይተውናል። ያ ፈገግታ ደስታ ብቻ አለመሆኑን ተመልካቹ ቀስ ብሎ ነው የሚረዳው፤ በሰው እጅ የሚኖር ሰው ልቅሶውን በፈገግታ መሸፈን ይለምዳልና።

ሆኖም የፊልሙ እውነተኛ ጥንካሬ በራሞን ንግግር ውስጥ አይደለም። በማቤል ሪቬራ የምትተወነው የወንድሙ ሚስት ማኑዌላ ናት ፊልሙን የተሸከመችው። ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች። ስለ መኖርና መሞት መብት ስትናገር አትሰማም። ወንድሙ ሆሴ በቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም ይላል፤ አባትየው ልጅ ከሚሞትበት ይልቅ ልሙት የሚል ልጅ ያለው አባት የበለጠ እንደሚጎዳ በአጭሩ ይናገራል። በዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ትክክል ነው፤ ሁሉም ይታመማል። የፍልስፍና መጽሐፍ የማይደርስበትን ቦታ ፊልሙ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሚዛኑን የሚስትበትም ቦታ አለ። እንደ ራሞን ሰውነቱ የማይታዘዝለት አንድ ቄስ ሊያሳምነው ይመጣል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ በደረጃው አላልፍ ይላል፤ አንድ ወጣት አገልጋይ ከታች ወደ ላይ መልእክት ሲያመላልስ ይውላል፤ በመጨረሻ ሁለቱ በጩኸት ይከራከራሉ። ትዕይንቱ ያስቃል። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ «መኖር እፈልጋለሁ» የሚለው ይህ አንድ ሰው ነው፤ እርሱንም ዳይሬክተሩ መሳቂያ አደረገው። እንደ ራሞን ተኝተው መኖርን የመረጡ ብዙዎች ሐሳባቸው ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ይገባው ነበር። እውነተኛው ሳምፔድሮ ተሽከርካሪ ወንበርን እምብዛም አለመቀበሉ የራሱ ምርጫ ነው፤ ምርጫው ግን ለሁሉም የሚሆን ፍርድ አይደለም።

ትልቁ ግድፈት ግን በመጨረሻው ላይ ነው። ራሞን ከቤተሰቡ ተለይቶ ባሕር ወደሚታይበት ቤት ይሄዳል፤ በካሜራ ፊት ይሰናበታል፤ ብርጭቆው አጠገቡ ተዘጋጅቷል። ያዘጋጀው እጅ አይታይም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሰው እጅ ሲያወራ የቆየ ፊልም እጁን ማሳየት በሚገባው ሰዓት ፊቱን አዞረ። በእውነቱ ዓለም ሳምፔድሮ ማንም ለብቻው ጥፋተኛ እንዳይሆን ሥራውን በወዳጆቹ መካከል ከፋፍሎት ነበር። ራሞና ማኔይሮ የተባለች ወዳጁ ተይዛ በማስረጃ እጥረት ተለቀቀች፤ እርዳታዋን በአደባባይ ያመነችው የክሱ ጊዜ ካለፈ በኋላ በ2005 ነው። ሰባት ዓመት ምስጢር ተሸክሞ መኖር ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣው ነበር። በዚያው የኦስካር ምሽት ዋናውን ሽልማት የወሰደው የክሊንት ኢስትዉድ «ሚሊየን ዶላር ቤቢ» በሌላው መንገድ ሄዷል፤ አሰልጣኙ በሌሊት ገብቶ የቦክሰኛዋን ሕይወት ሲያሳጥር እጁን ያሳያል፤ ሕጉን ግን ከነአካቴው ይረሳዋል።

ስፔን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው በ2021 ነው። በዚያ ዓመት ጁን ላይ በሥራ በዋለው ሕግ መሠረት ሕመምተኛው በ15 ቀናት ልዩነት ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ አንድ ሐኪም ይከታተለዋል፤ ሌላ ሐኪም ይመክርበታል፤ ኮሚሽን ይመረምረዋል፤ ሕሊናው የማይፈቅድ ሐኪም እምቢ ማለት ይችላል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ስውር የነበረውን እጅ በስም የሚታወቅ፣ የሚጠየቅ እጅ አደረገው። ፊልሙ ያልደፈረውን ያህል ሕጉ ደፍሯል ማለት ይቻላል።

ነገሩ ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ፊልሙ ኦስካር ባገኘ በሦስተኛው ወር፣ በሜይ 2005 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 ሌላ ሰው ራሱን እንዲገድል ማነሣሣትንና መርዳትን ያስቀጣል። ዩጋንዳ ደግሞ በሌላ በር ሄዳለች፤ ከ1993 ጀምሮ ለሟች ሕመምተኞች የሚጠጣ ሞርፊን ማዳረስ ጀምራ፣ በ2004 ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች መድኃኒቱን እንዲያዙ ፈቅዳለች። በሥቃይ ብዛት «ልሙት» ለሚል ሰው ይህ ቀዳሚ መልስ ነው። ለሳምፔድሮ ግን አይሆንም ነበር፤ እርሱን ያስመረረው ሕመም ሳይሆን የሰው እጅ ማየት ነበርና።

አማርኛ ደግሞ «የሰው እጅ ከማየት ሞት ይሻላል» ይላል። አባባሉ ክብርን ይገልጻል፤ ግን አደገኛም ነው። አንድ አረጋዊ ሞትን የሚመርጠው በእርግጥ ራሱ መርጦ ነው ወይስ ሸክም ሆንኩ ብሎ አፍሮ? ማንኛውም ሕግ፣ ፈቃጅም ሆነ ከልካይ፣ ይህን ሳይለይ ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም። ፊልሙ ጥያቄውን በጁሊያ በኩል በጥቂቱ ነክቶታል። አብራው ልትሞት ቃል የገባችው ጠበቃ ሐሳቧን ለወጠች፤ በስተመጨረሻ በሕመሟ ምክንያት ራሞንን እንኳ የማታስታውስ ሆና ባሕር ዳር ተቀምጣለች። የትኛው ይሻላል የሚለውን አሜናባር ለተመልካቹ ትቶታል።

«ማር አዴንትሮ» ለአንዱ ወገን የቆመ ፊልም ነው፤ ወገንተኝነቱንም አይደብቅም። ታላቅ ያደረገው ግን ከራሱ ወገን ያመለጠው ነገር ነው። ራሞን ሕይወቴ የእኔ ናት ሲል፣ ያችን ሕይወት በየቀኑ ያቆየችው የማኑዌላ እጅ ያለ ቃል ትመልስለታለች፤ እንዲሁ የማንም ብቻ የሆነ ሕይወት የለም።