ክዳን ያጣ በርሜልና የዩኒቨርሲቲ ምርምር

«የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሕዝቡ ኑሮ ምን ፈየደ?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ምስጋና ብቻ ነው፤ ወይ ነቀፋ ብቻ ነው። ሁለቱም ለአስተማሪ አይጠቅሙም። ምርምርም እንደ ማናቸውም ሥራ ተነቦና ተመዝኖ ጥሩው ጥሩ፣ ጎደሎው ጎደሎ ሊባል ይገባዋል። ለዚህ የመረጥሁት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በጅቡቲ ከተማ ተጀምሮ እስከ ድሬዳዋ የዘለቀው የአዲሲቱ የወባ ትንኝ ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅቡቲ ከተማን የሚያውቅ ሰው በየደጁ የቆመውን በርሜል ያውቃል። ዝናቡ ጥቂት፣ ሙቀቱ ብርቱ በሆነበት አገር ውሃ በመጣ ጊዜ ቀድቶ ማስቀመጥ ብልኅነት እንጂ ስንፍና አይደለም። በባልባላም ሆነ በአምቡሊ ስንቱ ቤተሰብ የሚጠጣውንም የሚታጠብበትንም የሚያገኘው ከዚያው ነው። አገሪቱ ወባን ልትሰናበት ተቃርባ ነበር፤ በ2012 የተመዘገበው ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ግን ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ይዘው ተማሪዎች ራሳቸው ያስሉት።

በዚያው በ2012 አኖፌለስ እስቲፈንሲ የምትባል ትንኝ በከተማዪቱ ውስጥ ተያዘች። ትውልዷ ደቡብ እስያና የዐረብ ምድር ነው፤ በመርከብ ሳትመጣ አልቀረችም ተብሎ ይገመታል። እኛ ከምናውቃቸው የወባ ትንኞች የምትለየው በመራቢያዋ ነው። ረግረግና የክረምት ኩሬ አትሻም፤ በርሜል፣ ገንዳ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያና የውሃ ጕድጓድ ይበቃታል። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም፤ ከተማም አትፈራም። ለወባው መብዛት ምክንያቷ እርስዋ ብቻ ናት ማለት አይቻልም፤ ዋነኛ ተጠርጣሪ መሆኗ ግን አያጠያይቅም።

ግኝቱን የሚገልጸው ጽሑፍ የታተመው በ2014 ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጅቡቲያዊው ተመራማሪ ቡህ አብዲ ኻይሬ ናቸው። ጽሑፉ ገና ከርእሱ ጀምሮ ጥንቁቅ ነው፤ ትንኟ ወባውን መልሳ አመጣችው አይልም፤ በመመለሱ ውስጥ ድርሻ ሊኖራት ይችላል ይላል። ይህን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ያልተረጋገጠውን እንዳልተረጋገጠ መናገር የሳይንስ ጨዋነት ነውና። ሆኖም አጥኚው «ምናልባት» ሲል ሰሚው ተኝቶ አደረ። ባለሥልጣኖች ወሬውን ቀደም ብለው ሰምተውት ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ የነበርነው አስተማሪዎች ግን አልሰማንም።

ነገሩ ጭራሽ አዲስ አለመሆኑም ያስቆጫል። ቻርልስ ቤንትሊ የተባለው ሐኪም የቦምቤይን ከተማ ወባ መርምሮ በ1911 ባወጣው ሪፖርት ጥፋቱ የውሃ ጕድጓዶችና የማጠራቀሚያ ገንዳዎች መሆኑን ገልጾ ነበር። ከዚያም ወዲህ በዚያ ከተማ ጕድጓድ መድፈንና ገንዳ መክደን በማዘጋጃ ቤት ደንብ የሚጠየቅ ጉዳይ ሆነ። እንግዲህ ትንኟ ባሕር ተሻግራ ስትመጣ የመቶ ዓመቱ እውቀት ማዶ ቀረ ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ እንሻገር። ትንኟ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ጽሑፉ ደግሞ የወጣው በ2018 ነው። በዚህ ሥራ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሰሎሞን ያሬድ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ተባብረዋል። ትንኟን በመልኳም በዘረመሏም ለይተዋታል፤ ማለትም በማጉያ መነጽር የሚያይ አንድ ባለሙያ፣ ዘረመል የሚያነብ ሌላ ባለሙያ ተገናኝተዋል። ቀጥሎ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ አካባቢ እጭዋ ተለቅሞ ካደገ በኋላ ከአዳማ ሕመምተኞች የተወሰደ ደም እንድትመጥ ተደረገ፤ ያገራችንን የወባ ተሐዋሲ ተቀብላ በሰውነቷ ልታሳድግ እንደምትችልም ታየ። ይህ ውጤት በ2021 ታተመ። የ2014ቱ «ምናልባት» መልስ ማግኘት የጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምመዝነው ግን በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣውን የድሬዳዋ ጥናት ነው። በድሬዳዋ በ2019 የበጋ ወራት 205 የነበረው የወባ ሕመምተኛ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ያውም በበጋ! የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና ተባባሪዎቻቸው 101 ሕመምተኞችን ይዘው ከታመሙት ጋር ያልታመሙትን አነጻጸሩ፤ ከሐኪም ቤት ወጥተውም በየቤቱና በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ሳይቀር ትንኝና እጭ ፈለጉ። የተገኙት የወባ ትንኞች በብዛት እስቲፈንሲ ነበሩ፤ ትንኟ የተገኘችበት ቤትም ወባ የተገኘበት ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ሐኪሙ ስለ ደም፣ የነፍሳት ባለሙያው ስለ እጭ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ስለ ማነጻጸሪያው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢጽፉ ኖሮ ይህ እውነት ባልተገኘም። የልዩ ልዩ ሙያዎች ትብብር ሲባል ብዙ ጊዜ ባዶ ቃል ይመስለኛል፤ እዚህ ላይ ግን ሥራ ሆኖ አየሁት።

ጉድለቱስ? ጥናቱ በርሜሉን አገኘ እንጂ የበርሜሉን ባለቤት አላናገረም። ውሃው በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ፣ ክዳን ስንት ብር እንደሚያወጣ፣ ሴቶቹ በርሜሉን ለማጠብ የሞላውን ውሃ ለምን መድፋት እንደማይፈልጉ የሚጠይቅ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያና የውሃ መሐንዲስ ቢጨመሩበት ኖሮ ሙሉ ይሆን ነበር። ውሃ የተጠማን ሰው «የቆመ ውሃ ድፋ» ማለት ቀልድ ይሆናል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በርሜሉ ያለበት ሠፈር የሚናገረው ሶማሊኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ነው፤ ጅቡቲም አፋርኛ ይጨመራል።

በዚህ ረገድ ዶክተር አክሊሉ ለማን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር የእንዶዱ ነገር የተገለጠላቸው ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች አይተው ነው። ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቤተ ሙከራው የተከተለው የሴቶቹን አጠባ ነው። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በበርሜሉ ጉዳይ እንዲህ ያለ ዐይን ገና ይቀረናል።

ጅቡቲ ወደ ሌላ ዘዴ ገብታለች። በግንቦት 2024 በአምቡሊ ሠፈር ዘረመላቸው የተለወጠ የእስቲፈንሲ ወንዶች ተለቀቁ። ወንዱ ሰው አይነክስም፤ ከዱሯ ሴት ጋር ሲዳቀል ሴት ልጆቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። የረቀቀ ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የተለቀቀው ትንኝ ምን እንደሆነ ለአምቡሊ ልጅ በቋንቋው የሚያስረዳ አስተማሪ ከሌለ ነገሩ ወሬና ፍርሃት እንደሚያስከትል ለማንም ግልጽ ነው።

አሁን ሂሱ ወደ እኛ ይዞር። ለዘመናት «ወባ የቆላ፣ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ናት» እያልን አስተምረናል። ተማሪውም ለፈተና ሸምድዶታል። ድሬዳዋ ላይ በበጋ፣ በከተማ፣ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ወባ ሲነሣ የኛ ትምህርት ለማን ጠቀመ? ተመራማሪው ዘገየ ብለን የምንከስ ሰዎች ማስታወሻ ደብተራችንን ስንት ዓመት ሳንለውጥ ኖረናል?

ለባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የሚሆን አንድ ነገር ልጠቁም። ከተከማቸ ውሃ በነጭ ስኒ ተቀድቶ በብርሃን ቢታይ የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር አግድም ተጋድሞ ይታያል፤ የተራዋ ቢንቢ እጭ ግን ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ሁለቱን ለይቶ፣ የተገኘበትን በርሜልና ቀኑን የመዘገበ ክፍል መዝገቡን ለአካባቢው ጤና ጣቢያ ሊያደርስ ይችላል። የሚጀመረውም ሩቅ ሳይኬድ፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር ነው።