የሳቅንበት ሰው
(ስለ «ሬስኪው ዶውን» ፊልምና ስለ ተመልካቾቹ)

ባለፈው ወር በአዳራሻችን ያየነው ፊልም እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወረደም። በምሳ ሰልፍ ላይ፣ በመኝታ ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ሳይቀር ክርክሩ ቀጥሏል። ስለዚህ በዚህ ዕትም ስለ አጭር ልብ ወለድ ልንጽፍ ያሰብነውን ለጊዜው ትተን፣ ስለ ፊልሙ፣ ይልቁንም ስለ ተመልካቹ፣ ማለትም ስለ ራሳችን ጥቂት ልንል ወደድን።

ፊልሙ የጀርመናዊው ዳይሬክተር የቬርነር ሄርዞግ ሥራ ነው፤ በ2006 የወጣ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው የፈጠራ ታሪክ አይደለም። ዲተር ዴንግለር የሚባል ትውልደ ጀርመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 ላኦስ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ተማረከ፤ ጫካ ውስጥ በቀርከሃ በተሠራ ካምፕ ታሰረ። ጁን 29 ቀን ከሌሎች ስድስት እስረኞች ጋር አመለጠ፤ ጁላይ 20 ቀን አንድ አብራሪ ከሰማይ አይቶት ሄሊኮፕተር መጥቶ አነሣው። በዚያን ጊዜ ክብደቱ 44 ኪሎ ግድም ነበር። ዴንግለር በ2001 ስለሞተ ፊልሙን አላየውም።

መቼም መከራ ስናይ እንወዳለን። አብዛኞቻችን ከአዳራሹ የወጣነው «ሰው ለካ እንዲህም ይችላል!» እያልን ነው። ክርስቲያን ቤል ለዚህ ሥራ ሲል ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሷል፤ ጎድን አጥንቱ በሸሚዙ ቀዳዳ ሲቆጠር፣ በትል የተሞላውን ሳህን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ከሚስማር የካቴና ቁልፍ ሲሠራ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ይኸ ሰው አይሞትም በቃ!» አለ። ማንም «ዝም በል» አላለውም። እኛም በዚህ ወገን ነበርን፤ አሁንም የዲተርን ትጋት አንክድም። ከላይኛው ክፍል የመጣ አንድ ወዳጃችን የጄኔራል ለገሠ ተፈራን ስም ያነሣውም በዚያው ምሽት ነው፤ በ1977 የኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ተመትተው ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር የቆዩት አብራሪ ናቸው። «የኛስ ፊልም መቼ ነው?» አለ። ለጥያቄው መልስ የሰጠው አልነበረም፤ ግን ጥያቄው ፊልሙን የምናይበትን ዓይን ለወጠው። ባዕድ የነበረው ሰውዬ ድንገት የጎረቤት ልጅ መሰለን።

ሁለተኛው ወገን ተቆጥቶ የወጣው ነው። ቁጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ የሚከፈተው በእውነተኛ የጦርነት ምስል ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ከሥሩ የሣር ቤቶች አንድ በአንድ ሲነዱ፣ ያውም በዝግታ፣ ያውም በሚያምር ሙዚቃ። ከዚያ በኋላ ግን ቦምቡ የት ገባ? ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ በላኦስ ላይ ከሁለት ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ ቦምብ ጥላለች፤ 580,000 ገደማ የቦምብ በረራ ማለት ነው። ሳይፈነዳ የቀረው እስከ ዛሬ የገበሬ እግር ይቆርጣል። በፊልሙ ውስጥ የላኦስ ሰው የሚጮኽ፣ ጠመንጃ የሚደግን፣ ገመድ የሚጎትት ነው። ከዘበኞቹ አንዱ ደግ ነው፤ እሱም ቢሆን ዘር ማንዘሩን አናውቅም። የቤተሰቡ ጎጆ ነድዶ ይሆን? አንጠየቅም፣ አንጠይቅምም።

እዚህ ላይ ለሄርዞግ አንድ ነገር እንመስክርለት። ዘበኞቹም ራባቸው፤ ሩዙ አልቆ እስረኞቹን ገድለው ወደየመንደራቸው ለመመለስ የሚማከሩት በረሃብ ምክንያት እንደ ሆነ ፊልሙ አይደብቅም። ዲተርም ገና ልጅ ሳለ፣ ቪልድበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ፣ የአሜሪካ አውሮፕላን በመስኮቱ ፊት ሲያልፍ አይቶ ነው «አብራሪ እሆናለሁ» ያለው። ቦምብ የወረደበት ልጅ አድጎ ቦምብ ጣይ ሆነ! ይኸ ነገር ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል። ሄርዞግ ግን በጨዋታ መካከል ተናግሮት ያልፋል። ይኸኛው ወገን «ፊልሙ ማየት የነበረበትን አይቶ ዞር አለ» ሲል እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ሆኖም እንቅልፍ የነሣን ይኸ አይደለም።

በካምፑ ውስጥ ዩጂን ዴብሩን (ጂን) የሚባል አሜሪካዊ እስረኛ አለ። ጄረሚ ዴቪስ ነው የሚጫወተው። ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ አጥንቱ የገጠጠ፣ በሹክሹክታ የሚናገር፣ «ዛሬ ነገ ይፈቱናል» እያለ ማምለጥን የሚቃወም፣ ሌሎቹን «እጮኻለሁ» ብሎ የሚያስፈራራ ቅዠታም ሆኖ ነው የቀረበው። በማምለጫው ቀንም የተባለበት ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። አዳራሹ ሳቀበት። እኛም ሳቅንበት። እንዲያውም በማግሥቱ በግቢው ውስጥ አድርባይና ፈሪ የመሰለንን ሁሉ «ጂን» ማለት ጀምረን ነበር።

ታዲያ አንዲት ተማሪ ነገሩን ከሥሩ አንብባ መጣች። እውነተኛው ዴብሩን በሴፕቴምበር 1963 ነው የተያዘው፤ ዲተር ካምፑ ሲደርስ እርሱ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ ነበር። ከሰባቱ እስረኞች በሕይወት ወደ አገራቸው የተመለሱት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ዲተር ነው፤ ሁለተኛው ፒሲት ኢንትራታት የተባሉ ታይላንዳዊ። እኒህ ሰው፣ ከነርሱም ጋር የዴብሩን ቤተሰብ፣ ፊልሙ ሲወጣ አጥብቀው ተቃወሙ። እንደ እርሳቸው ምስክርነት ዴብሩን ምግቡን የሚያካፍል፣ ለባልንጀሮቹ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነበር፤ የማምለጡ ሐሳብም ከዲተር መምጣት በፊት የተጀመረ ነው። ካመለጡም በኋላ ታሞ ከደከመው ቻይናዊ ጓደኛው አልለይም ብሎ ቀረ። የዴብሩን መጨረሻ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ፊልሙ ደግሞ የተቀረጸው በታይላንድ ነው! ሁለተኛው ምስክር በሕይወት በነበሩበት አገር።

ይኸን ስንሰማ የመጀመሪያው ስሜታችን ለሄርዞግ ጠበቃ መቆም ነበር፤ ለምን እንዋሻለን? «ኪነ ጥበብ የታሪክ መዝገብ አይደለም» አልን። ሄርዞግ ራሱም ከሒሳብ ሹም ሐቅ ይልቅ ከፍ ያለ፣ በምናብ ብቻ የሚደረስበት እውነት አለ ባይ ነው፤ በ1999 ይኸን በመግለጫ መልክ አውጥቶታል። በ1997 ስለዚሁ ስለ ዲተር በሠራው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ዲተር የቤቱን በር ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ያሳየናል፤ ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል። ያ ልማድ የሄርዞግ ፈጠራ ነው። ማንም አልተጎዳበትም፤ የዲተር ነፍስ በዚያ በር በኩል ይበልጥ ታየችን።

ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሩን የከፈተው ዲተር ራሱ ነው፤ ተስማምቶ፣ ካሜራው ፊት ቆሞ። ዴብሩን ግን ማን ጠየቀው? መቃብሩ እንኳ በውል አይታወቅ። ስሙ «ጂን» ባይባል ኖሮ፣ ደራሲው አንድ የፈጠራ ስም አውጥቶለት ቢሆን፣ ይኸ ሁሉ ክርክር ባልኖረ። እንደ ገጸ ባሕርይ ካየነው ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ ሕያው እርሱ ነው፤ ዴቪስ ዲተርን እንኳ ይጋርደዋል። ጉዳቱም የሚብሰው በዚሁ ነው። ደካማ ተዋናይ ቢጫወተው እንረሳው ነበር። አሁን ግን ፊልሙን ያየ ሁሉ ዴብሩን ሲባል የሚመጣበት ያ የተንጨባረረ ጸጉርና ያ ሹክሹክታ ነው። ወንድሙን ለአርባ ዓመት የጠበቀ ቤተሰብ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያገኘውም ያንኑ ነው።

አንድ ጓደኛችን «እንግዲያስ ፊልሙ ይጣል?» ብሎ ይሞግተናል። የለም፤ አይጣልም። ጫካው ውስጥ ዲተርና ዱዌን አንድ የጫማ ሶል እየተቀያየሩ የሚሄዱበት ክፍል፣ ከዚያም ዱዌን በመንደርተኛ ገጀራ የሚሞትበት ቅጽበት፣ ከጦር ፊልሞች መካከል ወዳጅነትን እንደዚያ ያሳየ እኛ አላየንም። መጨረሻው ላይ መርከበኞቹ ሁሉ እያጨበጨቡ ዲተርን የሚሸከሙበት ግን እንደ ፖስተር ነው የመሰለን፤ አዳራሹ አብሮ ቢያጨበጭብም።

ያችው ተማሪ የሳቅንበትን ክፍል ብቻውን ድጋሚ ለጥቂቶቻችን አሳየችን። ክፍሉ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱ ልማድ ሆኖበት «ጂን» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። የ1997ቱን ዘጋቢ ፊልም በሚቀጥለው ዓርብ ማታ በዚያው አዳራሽ እናሳያለን፤ «ኪነ ጥበብ መዝገብ አይደለም» የምትሉ ሁሉ መጥታችሁ ተሟገቱን።