«ተጫነ» ሲባል ምኑ ተጫነ? ስለ በይነ ገጽ ክስተቶች አሰያየም አጭር ሂስ

ለኮምፒዩተር በይነ ገጽ በሚጻፍ ኮድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሞች እንደሚገኙ ይታወቃል። አንደኛው የሆነውን ነገር የሚያስታውቅ የክስተት ስም ሲሆን፣ ሁለተኛው እንዲሆን የሚፈለገውን የሚያዝ የትእዛዝ ስም ነው። እንግሊዝኛ «ክሊክ»፣ «ክሎዝ»፣ «ሰብሚት» ሲል ቃሉ ስምም ትእዛዝም ለመሆን ስለሚችል የሁለቱ ልዩነት ይደበዝዛል። በአማርኛ ግን «ተዘጋ» የሆነውን፣ «ዝጋ» የሚታዘዘውን ለይቶ ያሳያል። ስለሆነም ተርጓሚው ከምንጩ ቋንቋ የተሻለ መሣሪያ በእጁ አለ። የምንነቅፈው ይህን መሣሪያ መተውን ወይም ሳያመዛዝኑ በጅምላ መጠቀምን ነው።

በመጀመሪያ «ተጫነ» የሚለውን እንመልከት። «ገጹ ተጫነ» ስንል ግሱ የ«ጫነ» ተደራጊ ነው፤ «ቁልፉን ተጫነ» ስንል ግን አድራጊ ነው። በዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሳቢው «ን» ይለያቸዋል። በኮድ ውስጥ ግን ስሙ ያለባለቤትና ያለተሳቢ ብቻውን ስለሚቆም፣ «ሎድ» እና «ክሊክ» የተባሉት ሁለት የተለያዩ ክስተቶች አንድ ስም ይይዛሉ። እኛ «ተጫነ» ለ«ሎድ» ተለይቶ፣ ለ«ክሊክ» «ጠቅ ተደረገ» ቢባል እንመርጣለን። «ጠቅ» የመዳፊትን ድምፅ ቢያስታውስም፣ በድረ ገጽ ላይ ያለ አዝራር ከቁልፍ ሰሌዳ ሲነሣም ይኸው ክስተት ስለሚፈጠር፣ የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ በመዳፊት ብቻ መወሰን የለበትም።

ሁለተኛው «ሰብሚት» ነው። ይህን «ቅጹ ተላከ» ብሎ መተርጐም ለአማርኛው ቢጥምም እውነቱን ያዛባል። ክስተቱ የሚሰማው ቅጹ ከመላኩ በፊት ነውና፣ ፕሮግራሙ መላኩን ሊያስቀረው ይችላል። «ተላከ» የሚለውን አንብቦ የሚሠራ ሰው ገና ያልሄደውን እንደሄደ ቈጥሮ ለተጠቃሚው «ደርሷል» ይለዋል። «ሊላክ ነው» ቢባል ግን ስሙ ከነገሩ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው ከገጽ ወደ ገጽ መሸጋገርን ይመለከታል። በአንድ የመሸጫ ገጽ ላይ ያለ አዝራር የሚያስተላልፈው ክስተት «ወደ ክፍያ ሂድ» ተብሎ ቢሰየም፣ በኋላ ከክፍያው በፊት የመግቢያ ገጽ ሲጨመር ስሙ ሐሰት ይሆናል። «ግዢ ተረጋገጠ» ቢባል ግን አዝራሩ የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ መድረሻውን ክስተቱን ተቀባዩ ክፍል ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ውስጥ ያለው «ፖፕስቴት»ም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። ስሙ ከቁልል ላይ ማንሣትን ቢያመለክትም፣ ክስተቱ ተጠቃሚው በጉብኝት መዝገቡ ወደ ኋላ ሲመለስም ሆነ ወደ ፊት ሲሄድ ይፈጠራል፤ ፕሮግራሙ በ«ፑሽስቴት» አዲስ ቦታ ሲመዘግብ ግን አይፈጠርም። ቃሉን ቃል በቃል መተርጐም የእንግሊዝኛውን ጉድለት መውረስ ስለሚሆን፣ «በመዝገቡ ተዘዋወረ» የሚለውን እናቀርባለን።

እንግዲህ የሙያ ቃላት አዘጋጅ ከእንግሊዝኛው ቃል አስቀድሞ ክስተቱ መቼ እንደሚፈጠር ይጠይቅ። የሆነውን በኀላፊ፣ ሊሆን ያለውን «ሊ» ብሎ፣ የሚታዘዘውን በትእዛዝ አንቀጽ ቢያስቀምጥ፣ የግሱ እርባታ ራሱ ለኮድ ጸሐፊው ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።