ምስጋናና ልመና፤ ስለ ዕለታዊው የአኰቴት ጸሎት

ፈጣሪን በየዕለቱ ማመስገን ለምእመን የተሠራ ሥርዐት መሆኑን የሚክድ ባይኖርም፣ ይህ ምስጋና ደስ ያለው ልብ በራሱ ጊዜ የሚያፈልቀው ስሜት ነውን ወይስ ደስ ቢለውም ባይለውም ሰው ለአምላኩ በሰዓቱ የሚያገባው ግብር ነውን የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። መንፈሳዊ ምክር የሚጽፉልን ሰዎች አብዛኞቹ ወደ ፊተኛው ያደላሉ፤ ማታ ማታ የተደረገልህን በጎ ነገር ቍጠር፣ ቈጥረህም ልብህ ይረፍ ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐተ ጸሎት ግን ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ሌላ መንገድ ይዞ ይገኛል።

ፍትሐ ነገሥት ለምእመናን የደነገጋቸው የጸሎት ጊዜያት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተስዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ዳዊቱ በ15 ንጉሥ ተከፍሎ በሳምንቱ ዕለታት ይደገማል፤ በትውፊት ለቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ የሚሰጠው ውዳሴ ማርያምም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየዕለቱ የራሱ ክፍል አለው። ማክሰኞ መርዶ የደረሰው ሰው የማክሰኞውን ውዳሴ አይተውም፤ ረቡዕ የሠመረለትም በደስታው ብዛት ወደ ሐሙሱ አይዘልም። በዚህ ረገድ የእስልምናውም ሥርዐት የሚለይ አይደለም፤ በውዳሴ የሚጀምረው ፋቲሓ በአምስቱ የግዴታ ሶላት ቢያንስ 17 ጊዜ በየቀኑ ሲቀራ፣ የሰጋጁን የዕለት ስሜት የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ ይልቁን ጎልቶ የሚታየው በሥርዐተ ቅዳሴያችን ውስጥ በሚገኘውና ለቂሣርያው ለቅዱስ ባስልዮስ በሚሰጠው የአኰቴት ጸሎት ነው፤ ይህንኑ ጸሎት የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የየሰዓቱ ጸሎት መክፈቻ አድርጋዋለች። የሚያመሰግነው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እኛ» እንጂ «እኔ» አይልም። የሚያመሰግንባቸውም ምክንያቶች መሸፈንና መረዳት፣ መጠበቅና ወደ እርሱ መቅረብ፣ ተቀባይነት ማግኘትና መጽናት፣ በመጨረሻም እስከዚህች ሰዓት መድረስ ናቸው። እንጀራ አልተነሣም፤ ጤና አልተነሣም፤ ልጅና ሀብት፣ ሹመትና ርስትም የሉበትም። ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ ንብረት የተዘረዘረበት ምስጋና ንብረቱ በጠፋ ማግስት ቃል ያጥረዋልና፤ እስከዚህች ሰዓት መድረስን ምክንያት ያደረገ ምስጋና ግን፣ የሚጸልየው ሰው ድኻም ቢሆን፣ የአልጋ ቍራኛም ቢሆን፣ በሚናገርባት ቅጽበት እውነት ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ምስጋናው ገና ሳያባራ ጸሎቱ ወደ ልመና ይዞራል፤ ይህችን ዕለትና የሕይወትን ዘመን ሁሉ በሰላም መፈጸምን ይለምናል፤ አልፎም ቅንዓትን፣ ፈተናን፣ የሰይጣንን ሥራ፣ የክፉ ሰዎችን ምክር፣ የስውርና የግልጥ ጠላቶችን መነሣት አንድ በአንድ እየጠራ እንዲርቁ ይማልዳል። እንግዲህ አመስጋኙ በዙሪያው ያለውን ክፋት ላለማየት ዐይኑን የጨፈነ ሰው አይደለም። ያመሰገነው ነገር ሁሉ ደኅና ስለ ሆነለት ሳይሆን ጌታው ማን እንደ ሆነ ለመመስከር ነው፤ ከመሰከረም በኋላ ጕድለቱን አንድም ሳይደብቅ ያቀርባል።

ልመና የሌለበት ምስጋና ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 18 ይመልከት። በመቅደስ ቆሞ የጸለየው ፈሪሳዊ ከመነሻው እስከ መድረሻው ምስጋና ብቻ ነው ያቀረበው፤ አንዳችም ነገር አልለመነም፤ ያመሰገነውም እንደ ሌላው ሰው ባለመሆኑ ነው። ምሕረትን ብቻ የለመነው ቀራጭ ግን ጸድቆ ተመለሰ። ካንተ የባሰውን ተመልከትና ተመስገን በል የሚለው ምክር፣ መካሪው ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ከዚህ ፈሪሳዊ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስለኛል። (ሕዝቡ «ተመስገን፤ የባሰ አታምጣ» ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይለምናል እንጂ ጎረቤቱን አይመዝንም።)

የሀገራችን ሰው ሰላምታም ይህንኑ ሥርዐት ሳያውቀው ይከተላል። ጣራዋ የሚያፈስባት ባልቴት ጎረቤቷ ገብታ «እንዴት ነዎት እማማ? ደኅና ሰነበቱ?» ስትላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ እንዴት ነሽ አንቺስ?» ትላለች፤ «ልጆቹስ?» ስትባል፣ «ተመስገን ነው» ትላለች፤ ስለ ጣራው፣ ስለ ቆርቆሮውም ዋጋ፣ እጁ ስላጠረው ልጇም የምታነሣው ሁለቱም ተቀምጠው አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ነው። መጀመሪያ ምስጋናው፣ ቀጥሎ ጕዳዩ። ይህን ሰላምታ የመደበቂያ መጋረጃ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋው ግን የሚገባው ለተናጋሪዋ ሳይሆን ምስጋናዋን ሰምቶ ሳይቀመጥ ለሚሄደው ሰው ነው። ከእርሱም የሚከፋ አለ፤ ይኸውም ባለጠጋ ሆኖ ደመወዝ ያነሰውን ሠራተኛውን ምስጋና አታውቅም እያለ የሚገሥጸው ሲሆን፣ ለእግዚአብሔር የሚገባውን ግብር በመንገድ ላይ ለራሱ የሚቀማ ነው።

ምስጋናን ለማስተማር ዘወትር የሚጠቀሰው ኢዮብም ቢሆን በምዕራፍ 1 ብቻ መነበቡ ያሳዝናል። ልጆቹና ከብቱ ባለቁበት ቀን ሰጥቶ የነሣውን አምላክ የባረከው ኢዮብ፣ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ከዚያም ምዕራፍ በምዕራፍ ተከራከረ፣ ፍርድንም ጠየቀ። ወዳጆቹ በበኩላቸው ለእግዚአብሔር ጠበቃ የሆኑ መስሏቸው አንደበቱን ሊያዘጉት ደከሙ። በምዕራፍ 42 ፍርዱ ሲሰጥ ግን ቅን ነገር አልተናገሩም የተባሉት እነርሱ ናቸው፤ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ እርሱም ይጸልይላቸው ዘንድ ተመረጠ።