ሞተሯ ድንገት ስትተኩስ

ማታ ደህና የቆመች ሞተር ሳይክል ጠዋት ስትነሳ ማርሚታዋ ከተኮሰ፣ ያስተኮሳት በአንድ ሌሊት ያረጀ ዕቃ አይደለም። ፒስቶን ሌሊቱን ተበልቶ አያድርም። ሞላ ደግፎ የያዘው የካርቡሬተር ብሎንም ራሱን ፈትቶ አይጠብቅም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ እዚህ ደሴ «ተኩስ ጀመራት» ተብላ የምትመጣልኝ ሞተር ብዙ ጊዜ ካርቡሬተሯ ቀድሞ ተነካክቶ ስለሚደርሰኝ ነው። የብሎኑ አናት በካቻቢቴ ተበልቷል፣ ሚኒሞው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል፣ የአየር ብሎኗ በግምት ተዟዙራለች፤ የመጀመሪያው ብልሽት ግን እንደነበረ አለ። አሁን ብልሽቱ ሁለት ሆኗል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል።

ድንገት የመጣ ተኩስ ምክንያቱም ድንገተኛ ነው። የሆነ ነገር ላልቷል፣ ተሰንጥቋል፣ ተቆርጧል፣ ወይም መግባት የሌለበት ነገር ገብቷል። ስለዚህ ፍለጋዬ ቀስ በቀስ ከሚዛቡት ነገሮች አይጀምርም፤ ከጥያቄ ይጀምራል። መቼ ጀመራት? ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምን ተደረገላት? ታጥባ ነበር? ጎማ ሲቀየር ማርሚታዋ ወልቆ ነበር? ቤንዚኑ ከየት ተቀዳ? ሲጀምራት ዳገት ላይ ነበረች ወይስ ቁልቁለት? ነጂው ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ ይቸኩላል። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይዩልኝ እንጂ» ይለኛል። መልሱን ሳልሰማ ግን ቁልፍ አላነሳም፤ በወሬ የሚያልቀውን ፍለጋ በመፍታትና በመግጠም ማስረዘም ለእርሱም ኪሳራ ነው።

ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር መቃጠል ያለባቸው ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቅጽበት ነው። ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ሲደርሰው ቃጠሎው የተሟላ ይሆናል። ድብልቁ ከዚህ ልክ ብዙ ከራቀ፣ ወይም ብልጭታው በሰዓቱ ካልመጣ፣ እሳቱ የሚነሳው ከቦታው ውጭ ነው። ከቦታው ውጭ ማለት ደግሞ ወይ ማርሚታው ውስጥ ወይ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ሳይለዩ መፍታት የጀመሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲፈቱ ይውላሉ።

በጆሮ መለየት ይቻላል። የማርሚታው ተኩስ ክፍት ነው፤ መንገደኛ ዞሮ ያያል። የካርቡሬተሩ አጭርና የታፈነ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ሲወጣ ሞተሯ አብራ ትንገጫገጫለች፣ ጉልበቷም ለአፍታ ይጠፋል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል፣ የማስገቢያው ቫልቭ ለሚቀጥለው ዙር ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም፤ በዚያው በር ወደ ካርቡሬተሩ ይመለሳል። ቾኩን ትንሽ ስስብ የካርቡሬተሩ ተኩስ ከቀነሰ ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው። ያኔ ዓይኔ የሚሄደው ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር ወደሚያገናኘው ጎማ ነው። ጎማው በፀሐይና በሞተሩ ሙቀት ይደርቅና ከታች በኩል፣ እጅ በማይደርስበት፣ ይሰነጠቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳሙና ያለበት ውሃ በብሩሽ አስነካዋለሁ፤ ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን የሚረጭ ሰው በጋራዤ አይሠራም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ለዚህ ሥራ ከብዙ መሣሪያ ይበልጥብኛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አብዛኛው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ነጂው ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ሲመልሰው ሞተሩን የሚያዞረው የኋላው ጎማ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ ትንሽ ስለሆነ ብልጭታው አንዳንዱን ሳያቀጣጥለው ያልፋል። ያልተቃጠለው ማርሚታ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ እዚያ አለ፤ የጎደለው አየር ብቻ ነው።

አየሩ የሚገባው ብዙ ጊዜ ማርሚታው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በዚያ ጢስ ይወጣል እንጂ አየር ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ጢሱ ግን የሚወጣው በምት በምት ነው፤ በሁለት ምት መካከል ቧንቧው መልሶ ይስባል። ቁልቁለት ላይ ብቻ የምትተኩስ፣ ዳገትና ሜዳ ላይ ግን ሰላም የሆነች ሞተር ስትመጣልኝ መጀመሪያ የማየው በመገናኛው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት መኖሩን ነው። ማርሚታው ለሌላ ሥራ ወልቆ ሲገጠም የድሮው ጓርኒሲዮን ተመልሶ ከገባ በዚያው ሳምንት ተኩስ ይጀምራል። አንዴ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን ዳግመኛ አይዘጋም፤ አዲሱ ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ጭሱን ለማጥራት ወደ ማርሚታው ንጹሕ አየር የምታስገባ ቫልቭ አለች፤ ነጂው ነዳጅ ሲመልስ መዘጋት አለባት። ቀጭኗ ቱቦዋ ከተሰነጠቀች ወይም ከወለቀች አትዘጋም፤ ሞተሯም በየቁልቁለቱ ትንጣጣለች።

ቁልቁለት ላይ መተኮሷ ሳይበቃ ሚኒሞም ከጠፋባት ጥፋቱ ካርቡሬተር ውስጥ ነው። ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩን የምትመግበው ትንሿ ጄት ናት፤ ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ስለሚያንስ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትዘጋታለች። በመርፌ የሚወጓት አሉ። ቀዳዳዋ አንዴ ከሰፋ የሞተሯ የቤንዚን ልክ ለዘለቄታው ይበላሻል፤ በአየር ግፊት መንፋት ይበቃል። አንዳንድ ቦታ ሞተሩ አንድ መቶ ሲሲም ይሁን ሁለት መቶ፣ ከአንድ ቆርቆሮ የወጣች ጄት ሲገጥሙበት አይቻለሁ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው የሰውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የማስወጫ ቫልቩንም እያቃጠለበት ነው።

የበለጠ የምፈራውና የበለጠ የማከብረው ግን ሌላ ተኩስ ነው፤ ሰዓት የማይጠብቀው፣ አንዴ ብቻ እንደ ጠመንጃ ጮሆ ዝም የሚለው። ይህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የኤሌክትሪክ ነው። ሞተሯ እየሄደች ሳለ ብልጭታው ለሰኮንድ ከተቋረጠ ካርቡሬተሩ ቤንዚን መላኩን አያቆምም። በእነዚያ ጥቂት ዙሮች የገባው ሁሉ ሳይቃጠል ማርሚታውን ይሞላል፤ ብልጭታው ሲመለስ አንድ ላይ ይነሳል። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልፉን አጥፍተው፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለች የሚወርዱና ከታች ሲደርሱ የሚከፍቱ ወጣቶች ይህንኑ በገዛ እጃቸው ያደርጉታል። በካርቡሬተር የምትሠራ ሞተር ቁልፏ ቢጠፋም እየዞረች እስካለች ድረስ ቤንዚን ትስባለች፤ ስለዚህ የቆጠቡት ነገር የለም፣ ማርሚታቸው ግን ከብየዳው ላይ ይቀደዳል።

አንድ የግብርና ባለሙያ ከኩታበር በኩል ያመጣት ሞተር ትዝ ትለኛለች። ካንዴላ ተቀይሮላት ነበር፣ ቦቢና ተቀይሮላት ነበር፣ ሲዲአይ የሚባለው የብልጭታ መቆጣጠሪያዋም ተቀይሮ ነበር፤ ተኩሷ ግን ቀጥሏል። «የት ቦታ ላይ ነው የምትተኩስብህ?» አልኩት። አሰበና «መጠምዘዣ ላይ» አለኝ። ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ ብዬ ስጠይቀው ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ወደ ግራ ብቻ ነበር። በሚኒሞ አቁመን መሪዋን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳዞረው ድምፁ ተንገዳገደ። ከመሪው አንገት ላይ የሽቦዎቹ እቅፍ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ አንደኛው ሽቦ ልብሱ ተገፎ ነበር፤ መሪው በግራ ሲጠመዘዝ ብረቱን ይነካና ብልጭታውን ያጠፋል። የወሰደብን ትንሽ ቴፕና ሽቦው ዳግመኛ እንዳይፋተግ ቦታ መቀየር ብቻ ነው። ሰውዬው ያወጣው ገንዘብ ግን አሳዘነኝ፤ ከሜካኒኮቹ አንዱም መንገዱን አልጠየቀውም ነበር። መሪውን ማዞር፣ የቁልፉን ሽቦ ማወዛወዝ፣ በቀኝ እጅ በኩል ያለችውን ማጥፊያ መነካካት፣ የካንዴላውን ክዳን መሳብ ምንም ወጪ የለውም፤ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህ ይቅደም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ቤንዚኑን እጠረጥራለሁ። ማደያ ላይ ወረፋው ሲረዝም ነጂዎች ከየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይቀዳሉ፤ ያ ሃይላንድ ከምን እንደተገለበጠ የሚያውቅ የለም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታንኩ ሥር ተኝቶ ይቆያል፤ ሞተሯ ስትናጥ ወይም ቤንዚኑ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። ካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ሳህን ማፍሰሻ ብሎን ከፍቼ በሚያሳይ ጠርሙስ እቀዳለሁ። ውሃ ካለ ከሥር እንደ ዶቃ ክብ ክብ ብሎ ይታያል። ናፍጣ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት አይለይም፣ ግን ጣት ላይ ሲደርቅ ቅባት ይተዋል፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ታንኩን ሳያጥቡ ካርቡሬተሩን ብቻ ያጸዱ ደንበኞች ተመልሰው ይመጣሉ።

ብልሽት ሳይኖር ድንገት የሚጀምር ተኩስም አለ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እዚህ በሳሳው አየር ልክ ቤንዚኗ ተቀንሶ የተስተካከለች ሞተር በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርድ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትደርሳለች። በዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ የቤንዚኑ ልክ ያንሳል፤ በካርቡሬተሯ መተኮስ ትጀምራለች፣ ከልክ በላይም ትግላለች። ነጂው ጉዞው አንድ ቀን ስለሆነ ሞተሯ በአንድ ቀን የተበላሸች ይመስለዋል። እንዲህ ያለ መንገድ የሚመላለሱትን ለታችኛው አገር በሚስማማ ጄት እንዲነዱ እመክራለሁ። ደጋ ላይ ትንሽ ጉልበት ቢያንሳትና ካንዴላዋ ቢጠቁር ይሻላል፤ ቤንዚን ያነሳት ሞተር ቆላ ላይ ፒስቶኗን ልታቀልጥ ትችላለች።

የታይሚንግ ካቴና ጥርስ ከዘለለ፣ ወይም ቮላኖውን ከክራንኩ ጋር የምታይዘው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ከተቆረጠች፣ ብልጭታውና ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር አይስማሙም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ስትረገጥ እግርን መልሳ ትመታለች፣ በካርቡሬተር ትተኩሳለች፣ አትነሳም። ያኔ ደጋግሞ መርገጥ ማቆም ነው። በግራ ክዳኑ በኩል ባለችው ቀዳዳ የቮላኖው ምልክት ይታያል፤ ምልክቱ ከላይኛው የካቴና ጥርስ ምልክት ጋር ካልገጠመ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም።

ስለ አየር ማጣሪያ አንድ ነገር ልበል። ለጉልበት ብለው አውጥተው የጣሉት ብዙ ናቸው። በካርቡሬተር የምትተኩስ ሞተር ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ነበልባል ወደ ኋላ ትልካለች፤ ያንን ነበልባል ከቤንዚን ታንኩ ሥር የሚያግደው የአየር ማጣሪያው ቤት ነው። ማጣሪያው የሌላትን ተኳሽ ሞተር ማንም ሰው ሲያስነሳት አጠገቧ አልቆምም፣ የሚማሩ ልጆችንም አላስቆምም።

ከተሠራች በኋላ ግቢ ውስጥ ነዳጅ ሰጥቶ መስማት ፈተና አይሆንም፤ ቆማ የማትተኩስ ሞተር ብዙ ናት። ቁልቁለት ላይ ተኩሳ ከነበረ ሐረጎን ወርጄ እመለሳለሁ፣ ግራ ስትጠመዘዝ ከነበረ ግራ ግራውን እዞራለሁ፣ ሲሞቃት ከነበረ እስክትሞቅ እነዳታለሁ። ደንበኛው ከኋላዬ ተቀምጦ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ያንን ድምፅ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።