ኮለሙን ያልነካ እጅ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ባለይዞታን ከምንም በላይ የሚያሳስበው ድንበሩ ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ድንበር በአጥርና በምስክር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በካዳስተር ካርታ ላይ ማዕዘን በማዕዘን የሚሰፍር ነው። እንዲህ ያለውን ቅርጽ በዳታቤዝ ለመያዝ ፖስትግሬስኪውኤል ላይ ከሚጫነው ፖስትጂአይኤስ የተሻለ ነፃ መሣሪያ አላውቅም።

ጣጣው የሚጀምረው መተግበሪያውን የሚጽፈው ባለሙያ ዘንድ ነው። መተግበሪያውን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው እንደ ፕሪዝማ ያለው መሣሪያ ቁጥር፣ ጽሑፍና ቀን አሳምሮ ያነባል፤ የቅርጽ ኮለም ሲያገኝ ግን «የማልደግፈው» ብሎ ምልክት ያደርግበትና ያልፈዋል። በተለመደው ጥያቄ ኮለሙ ጨርሶ አይመጣም። በጥሬ ኤስኪውኤል ሲጠሩት ደግሞ መፍታት አቃተኝ ብሎ ስህተት ይመልሳል።

የቸኮለ ሰው ኮለሙን ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ ይገላገላል። ስህተቱ በርግጥ ይጠፋል፤ የቦታ ኢንዴክሱና ሁለት ይዞታ ሲደራረብ የሚያጋልጠው ፍተሻም አብረውት ይሄዳሉ።

ጥሩ እጅ ኮለሙን እንዳለ ይተወዋል። «የማልደግፈው» የሚለውንም ምልክት ከስኪማው ፋይል አይሰርዝም፤ ከሰረዘው በሚቀጥለው ማይግሬሽን መሣሪያው ኮለሙን ትርፍ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። ለውጡን የሚያደርገው በጥያቄው ውስጥ፣ ውሂቡ ከዳታቤዙ ሊወጣ ሲል ነው። ጥሬው ቅርጽ 0103000020 ብሎ የሚጀምር ረጅም ሰንሰለት ነው። 01 የባይቶቹን አደራደር ይናገራል፤ 03 ቅርጹ ፖሊጎን መሆኑን። መጨረሻ ላይ ያለችው 20 ደግሞ የመጋጠሚያ ሥርዓቱ ቁጥር ተከትሎ እንደሚመጣ ታሳውቃለች። ልኬቱ በአገራችን ቅየሳ ለረጅም ጊዜ ባገለገለው አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ከሆነ፣ ቁጥሩ 20137 ነው። የድረ ገጽ ካርታ የሚጠብቀው ግን 4326ን፣ ማለትም በዲግሪ የተጻፈ ኬንትሮስና ኬክሮስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በመጀመሪያ ነጥቦቹን ወደ 4326 ያሰላል፣ ቀጥሎ ወደ ጂኦጄሰን ይለውጣል። አንድ መስመር ነው፤ ፕሪዝማ የሚደርሰው የሚያውቀው ጽሑፍ ብቻ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ «ያሰላል» የሚለው ነው። ፖስትጂአይኤስ ነጥቦቹን ሳይነካ የመጋጠሚያ ሥርዓቱን ቁጥር ብቻ የሚቀይር ሌላ ትዕዛዝም አለው፤ እሱን በስሌቱ ቦታ መጠቀም የስንዴ ጆንያ ላይ «ጤፍ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። 20137 የነበረውን፣ በዚያው ዞን የሌላ ሥርዓት ቁጥር በሆነው በ32637 ቢሰይሙት አንድም ስህተት አይወጣም፤ ካርታው ላይ ግን ሁሉም ይዞታ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በቡራዩ የአምቦ መንገድ ዳር ያለ ግቢ ከአስፋልቱ ማዶ ሊታይ ይችላል።

በመጻፍ በኩልም ያው ጥንቃቄ አለ። ኮለሙ ባዶ መሆን የማይችልና ነባሪ ዋጋ የሌለው ከሆነ ፕሪዝማ አዲስ መዝገብ የሚያስገባውን ተራ ትዕዛዝ ራሱን ስለሚነሳ፣ ማስገባቱም በጥሬ ኤስኪውኤል ይሆናል። ከተጠቃሚው የመጣው ቅርጽ ታዲያ በፓራሜትር ይተላለፋል እንጂ ከጥያቄው ጽሑፍ ጋር አይሰፋም። ማንበቡም መጻፉም በአንድ ፋይል ከታጠረ ደግሞ፣ ከዓመታት በኋላ ሥራውን የሚረከበው ሰው የሚፈትሸው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

የይዞታ ሲስተም የምትረከቡ የከተማ ባለሙያዎች፣ ካርታው ስክሪን ላይ ማማሩን አይታችሁ አትፈርሙ። የድንበሩን ኮለም ዓይነት ጠይቁ፤ «ጽሑፍ ነው» ካሏችሁ ሥራውን መልሱላቸው።